ሐይቅ ከተማ ላይ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ከአንድ ትሪ ዓሣ የሚበላበት ቤት የት ይገኛል?

የቧንቧ ውሃ ልጅ (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ። ከጥምቀት በኋላ ባለው ሳምንት ደሴ ላይ የእኅቴ ሠርግ አለ። ሠርጉ ካለፈ በኋላ ከአዲስ አበባና ከከሚሴ የሚመጡትን ዘመዶቻችንን ይዘን ሐይቅ ወርደን ዓሣ ለመብላት አስበናል፤ ልጆችን ጨምሮ አሥራ አራት እንሆናለን። የአባቴ ወገን ሙስሊም፣ የእናቴ ወገን ክርስቲያን በመሆኑ፣ እንደ ብዙው የወሎ ቤት ሁሉ፣ ሠርጉ ላይ ሁለት ወጥ ቤት፣ ሁለት አራጅ፣ ሁለት ድስት ይኖራል። ይህን ለምደነዋል፤ ቅሬታም የለንም። ሆኖም ከርቀት የሚመጡት ዘመዶች ከመለያየታቸው በፊት አንድ ቀን እንኳ ሁላችንም ከአንድ ትሪ እንድንቆርስ ስለ ፈለግን፣ ባራኪው ማን ነው ተብሎ የማይጠየቅበትን ዓሣን መረጥን።

ነገሩ ቀላል መስሎን ነበር፤ ሐሳቡን ለትልልቆቹ ስናቀርብ ግን ሁለት ጥያቄ ተነሣ። የአባቴ ታላቅ ወንድም ሐጂ፣ «ዓሣው ሐላል ነው፤ የተጠበሰበት ዘይትስ ምን ተጠብሶበት ነበር?» አሉ። የእናቴ ታላቅ እኅት ደግሞ፣ «እኔ የማላውቀውን ዓሣ አልበላም» ብለው ቁርጡን ተናገሩ፤ ምክንያቱን ብጠይቃቸውም አላብራሩልኝም። እኔ ራሴ ሐይቅ የበላሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ያኔ ከዋናው መንገድ ዳር ከሚገኝ ቤት ጉላሽ አዝዤ የቀረበልኝ ቲማቲምና በርበሬ የበዛበት ነገር ስለ ነበር፣ ውስጡ ያለው ዓሣ ምን ዓይነት እንደ ሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ፣ ከተማው ውስጥ መብላት ይሻላል ወይስ ውሃው ዳር? ስለ ዘይቱና ስለ መጥበሻው ሳያፍሩ መጠየቅ የሚቻልበት ቤት አለ? ዓርብንና ቅዳሜን አማርጠን ነበርና የትኛውን ትመክሩናላችሁ? ዋጋውንም በግምት ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል።

የሐይቅ ተወላጅ

አብሽር፣ የሚያስቸግር ነገር አይደለም። እኔ ተወልጄ ያደግሁት ሐይቅ ነው፤ አሁን የምኖረው ኮምቦልቻ ቢሆንም ወላጆቼ እዚያው ስላሉ በወር አንድ ጊዜ እመላለሳለሁ።

በመጀመሪያ የከተማውንና የውሃውን ዳር ልዩነት ልንገርዎ። ከተማው ከደሴ በስተ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ወደ ወልድያ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የተዘረጋ ነው። በመንገዱ ዳር ያሉት ምግብ ቤቶች የሚኖሩት በሾፌርና በመንገደኛ ስለ ሆነ ቶሎ ያቀርባሉ፤ ነገር ግን ጥብሱም፣ ዱለቱም፣ ዓሣውም የሚሠራው በአንድ ማድቤት ነው፤ ሥራ በሚበዛበት ሰዓት መጥበሻው ይለያል ብዬ ልዋሽዎ አልችልም። ውሃው ዳር ያሉት ግን፣ ማለትም ከከተማው ወደ ምሥራቅ በእስጢፋኖስ ገዳም አቅጣጫ በባጃጅ ሲወርዱ የሚያገኟቸው፣ ዋና ሥራቸው ዓሣ ነው። ለእናንተ ዓይነት ማዕድ እኔ የምመርጠው የውሃውን ዳር ነው።

ይህን ስል ግን ዓሣ ቤት በመሆኑ ብቻ ዘይቱ ንጹሕ ነው ብለው እንዳይዘናጉ። በዓል ሲሆን እነርሱም ፍየል ያርዳሉ። ወደ ማድቤቱ በር ጠጋ ብለው፣ «ይህ ዘይት ሥጋ ነክቶታል?» ብለው ይጠይቁ። በሌላ አገር እንዲህ ያለ ጥያቄ እንደ ስድብ ሊቆጠር ይችል ይሆናል፤ በእኛ አገር ግን ባለ ምግብ ቤቷ ራሷ አንድ አክስት ወይም አንድ አማት ከዚያኛው ወገን አላት፤ ነገሩ ሳይብራራ ይገባታል። እናቴ እንግዳ ሲመጣባት ሁልጊዜ የምታደርገውን ብመክርዎ ደግሞ፣ ያልተከፈተ ዘይት ገዝተው ይሂዱና በፊታችሁ ይከፈት።

ሁለተኛው ነገር የአክስትዎ ጥያቄ ነው፤ እርሳቸው ያላብራሩትን እኔ ልገምት። ከሐይቃችን የሚወጣው ለምግብ የሚሆን ዓሣ በዋናነት ሦስት ዓይነት ነው፦ ቆሮሶ፣ አምባዛና ካርፕ። አምባዛ ቅርፊት የለውም፤ ቆዳው ልሙጥ ነው፤ ባፉ ዙሪያም እንደ ድመት ጢም አለው። ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 ክንፍና ቅርፊት የሌለውን የውሃ ፍጥረት ስለሚከለክል፣ ብዙ የኦርቶዶክስ ምእመናን አምባዛን አይበሉም። አክስትዎ «የማላውቀውን ዓሣ» ያሉት ይህን ሳይሆን አይቀርም። ቆሮሶ ግን ቅርፊታም ነውና ለሁሉም ይሆናል። ነገሩን የሚያስገርመው፣ አምባዛ የሐይቁ ነባር ሲሆን ቆሮሶ በ1970ዎቹ መግቢያ ከሌላ ቦታ መጥቶ የተጨመረ መሆኑ ነው። ዛሬ ሰው ሁሉ «የሐይቅ ዓሣ» ሲል ልቡ የሚያስበው እንግዳውን ነው።

እንግዲህ ጉላሽ፣ ዱለት ወይም ለብለብ ካዘዙ ዓሣው ተከትፎ ስለሚቀርብ ቆሮሶውን ከአምባዛው በዓይን መለየት አይቻልም። ስለዚህ ያለ ማመንታት ሙሉ ጥብስ ይዘዙ። ጠባሿ ዓሣውን ከነጭንቅላቱ አጥባ፣ ሁለቱን ጎኖች በስለታም ቢላዋ እስከ አጥንቱ ድረስ በቀጭን በቀጭኑ ትሰነጥቀዋለች፤ አትቆርጠውም፤ ክፍሎቹ ከአጥንቱ ጋር እንደ ተያያዙ ይቀራሉ። ጨው ነስንሳ በጋለ ዘይት ውስጥ ስትለቀው ክፍሎቹ ወደ ውጭ ተገልብጠው ይከፈታሉ፤ ጫፍ ጫፉ ቡናማ ሆኖ ሲደርቅ ውስጡ ነጭ እንደ ሆነ ይቆያል። ያንን በጣት እየሳቡ፣ ሎሚ ጨምቀውበት፣ ዳጣ አስነክተው ሲበሉ ሹካ ያቀረበልዎትን አስተናጋጅ ይታዘቡታል። ጭንቅላቱና ጅራቱ እዚያው ስላለ ምን እንደሚበሉ አክስትዎ በዓይናቸው ያያሉ።

ለልጆቹና አጥንት ለሚፈሩት ፊሌቶ ያዙላቸው፤ ግን ዓሣው ሙሉውን ሳለ ይታይና በፊታችሁ ይገፈፍ። ሰዓቱን በተመለከተ፣ መረብ የሚጣለው ማታ ነው፤ የሚነሣውም ንጋት ላይ ነው። ዓሣው ውሃ ዳር የሚደርሰው በጧት ስለ ሆነ ከአምስት እስከ ስድስት ሰዓት ባለው ጊዜ ይድረሱ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከደረሱ የሚቀርብላችሁ ሌላው ሰው የተወው ነው።

የመርሳ መንገደኛ

ከላይ የተሰጠው አስተያየት በአብዛኛው ትክክል ነው፤ የውሃውን ዳር በተመለከተ ግን ጥቂት ማስጠንቀቂያ ልጨምር፤ እኔ ተቃጥዬበታለሁና።

ባለፈው ዓመት ስድስት ሆነን ከመርሳ ወደ ደሴ ስንሄድ ውሃው ዳር ካለ አንድ ቤት ጎራ አልን። ጥላው፣ ነፋሱ፣ ከፊታችን የተዘረጋው ውሃ፣ ሁሉም የሚያስመሰግን ነበር። ስድስት ሰዓት ላይ ሙሉ ጥብስ አዘዝን፤ አስተናጋጁም «አሁኑኑ» አለን። ከአንድ ሰዓት በኋላ አንድ ልጅ ላብ አጥምቆት በጥቁር ፌስታል ዓሣ ይዞ ከባጃጅ ሲወርድ ስናይ ነው ማድቤቱ ውስጥ አንድም ዓሣ እንዳልነበረ የገባን። ምግቡ የቀረበው ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ዓሣዎቹ ደግሞ ከስንዝር ያነሱ ነበሩ፤ የእኔ የስምንት ዓመት ልጅ ሁለቱን ጨርሳ «ምሳስ?» አለች። ሒሳቡ ሲመጣ እኛ በሰው የመሰለን በፍሬ ተቆጥሮ ተገኘ። ተከራክረን ከፈልን፤ ባለቤቷ ትሑት ሴት ስለ ነበሩ የተከራከርንበትም ራሱ ቆይቶ አሳፈረን።

ስለዚህ ከመቀመጣችሁ በፊት ዓሣው ይታያችሁ፤ ዋጋው በፍሬ ይሁን በኪሎ ወይም በሣህን በግልጽ ተነጋገሩ። በብር ስንት እንደ ሆነ እዚህ ብጽፍልዎ ሠርጉ እስኪደርስ ስሕተት ስለሚሆን ትቼዋለሁ። ጊዜ ለሌለው ሰው የአውራ ጎዳናው ቤቶች ይሻላሉ ባይ ነኝ፤ የእናንተ ጉዳይ ግን ከፍጥነት ይልቅ መጥበሻው ስለ ሆነ እዚህ ላይ አልሟገትም።

የቧንቧ ውሃ ልጅ (ጠያቂ)

ሁለታችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የአምባዛውን ነገር ለአክስቴ ስነግራቸው፣ «ታዲያ ምን መሰለህ?» አሉኝ፤ እንግዲህ ግምቱ ልክ ነበር። አሁን የጨነቀኝ ሌላ ነው። አምስት ሰዓት ደርሰን ስድስት ሰዓት ከበላን ሐጂ የዙህርን ሶላት የት ይሰግዳሉ? ደግሞም ከአዲስ አበባ የሚመጡት የእናቴ ወንድሞች ገዳሙን ሳንሳለም አንመለስም ብለዋል። ይህ ሁሉ ከምሳው ጋር እንዴት ይጣጣማል?

ሆጤ

ቀኑን በተመለከተ ቅዳሜ አድርጉት። ዓርብ ሲሆን ወንዶቹ ከጁምዓ እስኪመለሱ ሰባት ሰዓት ያልፋል፤ በዚያ ላይ ዓርብ የጾም ቀን ስለ ሆነ ከሥጋ የሚከለከለው ሰው ሁሉ ወደ ዓሣ ይዞራል፤ ወረፋውም ይረዝማል። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር እዚህ መክፈት አልፈልግም፤ የሚበላ አለ፣ የማይበላም አለ፤ የንስሐ አባት የሚመልሱት ጥያቄ ነው። አክስትዎ ግን ስለ ቅርፊት እንዲህ የሚጠነቀቁ ከሆነ ዓርብ ዕለት ዓሣ ፊታቸው ማቅረብ ሽሮ ሲያስቡ መዋል ይሆናል።

ገዳሙን የሚሳለሙት በጧት ይቅደሙ። በ13ኛው ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ ያስተማሩበት፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም የተማሩበት ቦታ በመሆኑ ከሩቅ የመጣ ሰው እዚያ ሳይደርስ ቢመለስ ይቆጨዋል፤ ነገር ግን ሴቶች ወደ ገዳሙ አይገቡም። ይህን ከወዲሁ ካልነገራችኋቸው እናቶቻችሁ በር ላይ ደርሰው ይከፋቸዋል። ወንዶቹ ሲሳለሙ ሴቶቹና ልጆቹ ውሃው ዳር ቡና አስፈልተው ይቆዩ፤ በዚያውም አንዲት ዓይነ ብሩህ ሴት ዓሣውን ትምረጥ። ልጆቹን ግን ከውሃው ራቅ አድርጉ፤ ሐይቁ ከ80 ሜትር በላይ የሚጠልቅበት ቦታ አለው።

ሐጂን በተመለከተ፣ ውዱእ የሚያደርጉበት የንጹሕ ውሃ ጀሪካንና መስገጃ መኪና ውስጥ ይያዝላቸው፤ ጥላ ሥር ይሰግዳሉ። መስጊድ ከፈለጉ ከተማው ቅርብ ነው፤ ባጃጅ አድርሶ ይመልሳቸዋል። ዓሣው እስኪጠበስ ጊዜው ይበቃል፤ ከላይ እንደ ተነገረው ከሆነ እንዲያውም ይተርፋል።

አንድ ነገር ልጨምር። በእስጢፋኖስ ክብረ በዓል፣ ማለትም ጥቅምት 17 እና ጥር 1፣ እንዲሁም ኅዳር 26 በአባ ኢየሱስ ሞዓ ዕለት አካባቢው በምእመናን ይሞላል። የእናንተ ቀን ከጥምቀት በኋላ ስለ ሆነ ከዚህ ትድናላችሁ።

ዓሣ ነጋዴ የነበረ

እኔ ስምንት ዓመት ከሐይቅ ዓሣ እያወጣሁ ደሴ ሳደርስ ኖሬያለሁ፤ አሁን ትቼዋለሁ። የተሰጡት ምክሮች ጥሩ ናቸው፤ እኔ ብሆን ግን ሁሉንም በአንድ ጊዜ በሚፈታ መንገድ እሄድ ነበር። ጥሬውን ዓሣ ራሳችሁ በጧት ከአሥጋሪዎቹ ግዙና ለሚጠብስላችሁ ቤት የእጅ ዋጋ ክፈሉ። ያን ጊዜ ዓይነቱም፣ መጠኑም፣ ዋጋውም በእጃችሁ ነው። ቤቶቹም ቢሆኑ መቀመጫቸውንና ለስላሳቸውን ስለሚሸጡ አይጠሉትም፤ ብቻ ቀድማችሁ አስፈቅዱ።

አገዛዙን ላሳይዎ። መጀመሪያ ዓይኑን ይመልከቱ፤ ትኩስ ዓሣ ዓይኑ ወጣ ያለና የጠራ ነው፤ የቆየው ደግሞ ዓይኑ ጎድጉዶ ጭጋግ የለበሰ ይመስላል። ቀጥሎ የጉንጩን ክዳን ገልጠው ስንጥቡን ይዩ። ደም የመሰለ ቀይ ከሆነ የዛሬ ንጋት ነው፤ ወደ ቡናማ ወይም ወደ ግራጫ ካደላ ትናንት የተነሣ ነውና ይለፉት። ሆዱን በአውራ ጣትዎ ጫን ሲያደርጉት ጎድጉዶ ከቀረ አይግዙ፤ ከተመለሰ ይግዙ። አሻሻጩ ውሃ እየረጨ ካብረቀረቀው ቅርፊቱን አይመኑ፤ ስንጥብ ግን በውሃ አይታለልም። እኔም በሙያው ሳለሁ ውሃ ረጭቻለሁ፤ አልዋሽም።

ስለ መጠኑ የመርሳው ወንድማችን ያለው እውነት ነው፤ ትንንሹ በዝቷል። ምክንያቱ የመረቡ ዓይን መጥበቡ ነው። ጠባብ መረብ ገና ያልወለደውን ሁሉ ጠርጎ ያወጣል። እንስቷ ቆሮሶ እንቁላሏን አፏ ውስጥ ይዛ የምታስፈለፍል፣ ጫጩቶቿንም አደጋ ሲመጣ መልሳ አፏ ውስጥ የምትሰበስብ ፍጥረት ናት። አንድ ጧት ከመረብ ያወጣኋትን አንዲት ዓሣ ታንኳው ወለል ላይ ሳስቀምጣት አፏን ከፈተች፤ የጤፍ ያህል ዓይን ያላቸው፣ ከምስር ብዙም የማይበልጡ ጫጩቶች እግሬ ሥር ተበተኑ። ወደ ውሃው ብመልሳቸውም እናታቸው ሞታ ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ ከስንዝር ያነሰ አልገዛሁም፤ እናንተም አትግዙ። ገዢ ከሌለው መረቡ ይሰፋል።

ለአሥራ አራት ሰው፣ ልጆቹን በግማሽ ቆጥረው፣ ለእያንዳንዱ አዋቂ ከስንዝር ተኩል የማያንስ አንድ ሙሉ ቆሮሶ፣ በዚያ ላይ ሁለት ሦስት ትርፍ ቢይዙ ይበቃል። በዚህ መጠን የሚገኘው ግን ትንሽ ስለ ሆነ ሐሙስ ዕለት ለአንድ አሥጋሪ በስልክ ይነገር። እንጀራም ዳቦም ከከተማው ይዛችሁ ውረዱ። ዳጣውን ደግሞ፣ አክስትዎ እንደ ጠረጠርኳቸው ዓይነት ሴት ከሆኑ፣ ከቤታቸው ሠርተው ያምጡት።

የውጫሌ ልጅ

ስለ አርዲቦ ማንም ያነሣ የለምና ልጠቁም። አርዲቦ ከሐይቅ ከፍ ብሎ የሚገኝ ሁለተኛው የተሁለደሬ ወረዳ ሐይቅ ነው፤ ውሃውም በአንከርካ ወንዝ በኩል ወደ ሐይቅ ይወርዳል። ጸጥታውም መልኩም ልብ ያሳርፋል፤ ዓሣም አለው። ነገር ግን አሥራ አራት ሰው የሚያስተናግድ ምግብ ቤት ፈልጋችሁ እንዳትሄዱ። ምጣዳችሁን፣ ከሰላችሁን፣ ሰፌዳችሁን ይዛችሁ ሜዳ ላይ የምትቀመጡ ከሆነ ብቻ ነው። ትልልቅ ሰዎች ስላሉባችሁ ለዚህ ጊዜ ሐይቅ ይበቃችኋል።

የቧንቧ ውሃ ልጅ (ጠያቂ)

ትናንት ማታ የጻፋችሁትን ሁሉ ለቤተሰቡ አነበብኩላቸው። ቅዳሜ እንዲሆን ተወስኗል፤ ዓሣውን በጥሬው እንገዛለን፤ መራጯ አክስቴ ናቸው፤ ስንጥብ ገልጦ ማየቱን ከአሁኑ ወደውታል። ዳጣውም የእርሳቸው ነው። ዘይቱን እናቴ ከደሴ ይዛ ትወርዳለች። የመጥበሻው ነገር ሲነሣ ሐጂ ለጥቂት ጊዜ ዝም ብለው ከቆዩ በኋላ፣ «የሰው ቤት ሄዶ ዕቃ ከመመርመር እኔ የራሴን መጥበሻ ከከሚሴ ይዤ እመጣለሁ» አሉ። አክስቴም፣ «በሐጂ መጥበሻ የተጠበሰውን እኔ እበላለሁ፤ ብቻ በርበሬ ይነካው እንደ ሆነ ይንገሩኝ» ብለው አሳቁን። አንድ የቀረኝ ጥያቄ አለ። ምግብ ቤቱ በእኛ ዘይትና በእኛ መጥበሻ ሲጠብስ የእጅ ዋጋውን ይቀንሳል?

ዓሣ ነጋዴ የነበረ

አይቀንስም፤ እንዲያውም ጠባሿን ስለምታስቸግሯት ጥቂት ጨምሩላት። ለአሥራ አራት ሰው ደግሞ አንድ መጥበሻ አይበቃም። ሐጂ ሁለት ይያዙ።